የአጋም በር ድልድይ ጉርድ ፎቶ

በሞላሌና በዙሪያዋ መታወቂያ ያወጣ ወንድ ሁሉ ፎቶው ላይ የለበሰው አንድ ኮት ነው። ጥቁር ነው፤ ከላይ ሁለተኛው ቁልፉ የለም፤ ባለቤቱ ፎቶ አንሺው ምንዳዬ ነው። ገበሬው ለብሶታል፣ አስተማሪው ለብሶታል። አንድ ጊዜ በመሬት የሚካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች ለዚያው ለክሳቸው ፎቶ ፈልገው በአንድ ጠዋት ቢመጡ፣ አንዱ ሲያወልቀው ሌላው ከእጁ ተቀብሎ ለበሰው። ዳኛው ፊት የቀረበውን ፎቶ ያየ ሰው ወንድማማቾች ናቸው ነው የሚል።

ምንዳዬ በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቷል። ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ስትገባ በስተቀኝ ውሃ የተሞላ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ እንዲሁም በሲባጎ ከምስማር ጋር የታሰረ ማበጠሪያ ታገኛለህ። ማበጠሪያው የታሰረው እንዲያምር አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነበሩት አራቱ ስላልታሰሩ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ፊቱን ያልታጠበ፣ ፀጉሩን ያላበጠረ ሰው ካሜራው ፊት አይቀመጥም። አውቶብስ የሚያመልጠውም ቢሆን አይቀመጥም። «ወንድሜ፣ አንተ ስትሄድ የሚቀረው ይሄ ፊት ነው። ጭቃ ለብሰህ ልትቀር ነው?» ብሎ ወደ ባልዲው ይመልሰዋል። አንድ ቄስ ጥምጥማቸው ተንሻፎ ቢመጡ አስታጥቦ፣ አስጠምጥሞ፣ ሦስት ጊዜ አስነስቶ አስቀመጣቸው። «ልጄ፣ ለቅስና ስመጣም እንዲህ አልተፈተንኩ» ብለውት ሄዱ።

ከፊት በቀር ሌላ ነገር አንስቶ አያውቅም። ሠርግ ሲጠሩት ይሄዳል። ሄዶ ሙሽራውንም፣ ሙሽሪትንም፣ ሚዜዎቹንም ተራ በተራ ግድግዳ ያስደግፍና፣ ትከሻ ቀጥ አስደርጎ፣ ከደረት በላይ ጉርድ አድርጎ ያነሳቸዋል።

«አልበሙ የሠርግ ነው የፖሊስ ጣቢያ?» ትለዋለች ሚስቱ ወለተኪዳን። «ምናለ ሰው ሲጨፍር ብታነሳ?»

«ሲጨፍር ማን መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ለማንም አያወራውም እንጂ ምክንያት አለው። የተወለደው አጋም በር ነው፤ ከሞላሌ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። እናቱ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የቀሚሷን ጥለት ያስታውሳል። እጇ ላይ የነበረውን የእሳት ጠባሳ ያስታውሳል። ፊቷ ግን የለም። ቢያስብ፣ ቢጨፍን፣ ቢጾም አልመጣለትም። ፎቶ አልነበራትማ። በዚያን ጊዜ በአጋም በር ፎቶ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወታደር ሆኖ ሄዶ፣ የተመለሰው ፎቶው ብቻ ነው። ምንዳዬን ያሳደጉት የአባቱ እህት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደብረ ብርሃን ሄዶ ከአንድ ፎቶ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ ሲወጣ አንሺ ነበር።

አሁን አሁን ሥራው ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራ ይዞ ይዞራል፤ አዲሱም መታወቂያ ፎቶውን እዚያው ምዝገባ ጣቢያው ላይ ያነሳል፤ ኮት አያውስም፣ ታጠብም አይልም። ምንዳዬ ከዚያ የወጣ አንድ መታወቂያ አይቶ ግማሽ ቀን ከፍቶት ዋለ። ሰውየው ጆሮው ላይ ገለባ ነበረው።

ግንቦት ገባ ሲል፣ አንድ ሰኞ፣ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቃለአብ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ፎርም ይዞ መጣ።

«ጋሽ ምንዳዬ፣ የአጋም በርን ድልድይ እንዲያነሱልኝ ነበር።»

«የማንን?»

«የድልድዩን።»

«ድልድዩ መታወቂያ ሊያወጣ ነው?»

«ብጤው ነው» አለ ቃለአብ፤ ተቀመጠና አስረዳው።

የአጋም በር ድልድይ ከገደል ገደል የተዘረጋ፣ አምስት ቅስት ያለው፣ ሙሉው የተጠረበ ድንጋይ ነው። ሰፈሩ የባቡር ድልድይ ይለዋል። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ፣ ጣልያን ባቡር አሳልፍበታለሁ ብሎ አሠራውና ሐዲዱን ሳያነጥፍ ራሱ ሄደ ይላሉ። ባቡሩ ከየት ተነስቶ ወዴት ሊሄድ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ እስካሁንም አልመጣም። በእሱ ፈንታ በግ፣ አህያ፣ ሙሽራና ሬሳ ሲሻገርበት ኖሯል።

አሁን ደግሞ ከታች በኩል፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ተወርዶ፣ የመኪና መንገድና የሲሚንቶ ድልድይ እየተሠራ ነው። ኮንትራክተሩ ለመደገፊያ ግንብ የሚሆን ድንጋይ አጣ። ቀና ሲል የተጠረበ፣ የተደረደረ፣ ባለቤት ነኝ ባይ የሌለው ድንጋይ ገደሉ ላይ ቆሞ አየ። አስፈቀደ፤ ተፈቀደለት። ማፍረሱ ሰኔ አንድ ቀን ይጀመራል። የሚያስቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድልድዩ በቅርስነት ይመዝገብልን የሚል ማመልከቻ ከነፎቶው ዞን ከደረሰ። ፖስታውን የሚወስደው ሰው ዓርብ ጠዋት ነው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሳፈረው።

«በሞባይልህ አታነሳውም?»

«አንስቼ ነበር ጋሽዬ። ከላይ ሆኜ ሳነሳው መንገድ ይመስላል፤ ከሩቅ ሆኜ ሳነሳው ጭጋግ።»

«እኔ ፊት የሌለው ነገር አላነሳም» አለ ምንዳዬ። «የቱ ነው ዓይኑ? ቀና በል የምለውስ ማንን ነው?»

ቃለአብ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ልጁ ብልህ ነው፤ ቀጥሎ የደወለው አጋም በር፣ ስልክ ወዳለው የወይዘሮ አልጣሽ ጎረቤት ነው። ከሰዓት በኋላ የምንዳዬ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ አልጣሽ ስልክ የሚሠራው በጩኸት ይመስላቸዋል።

«ምንዳዬ!»

«አቤት አክስቴ።»

«ድልድዩን ሊያፈርሱት ነው አሉ!»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ እኔ በየት ልሂድ?»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«የት እሄዳለሁ፣ መቃብሬ ነዋ! ደግሞ ይጠይቀኛል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጋም በር ሰው የሚኖረው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ማርያም ከነመቃብሯ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ በሬ ይወስዳል። ድልድዩ ሳይኖር በክረምት የሞተ ሰው መሻገር ስለማይችል ከወዲህ፣ ከግጦሹ ዳር ይቀበር ነበር። የድንጋይ ቁልሎቹ አሁንም አሉ። ስም የላቸውም፤ ሰፈሩ «የክረምት ሰዎች» ይላቸዋል። በጎች ይተኙባቸዋል። አዲሱ ድልድይ ለመኪና ይበጃል፤ በዝናብ ሬሳ በትከሻ ተሸክሞ ያን ቁልቁለት ወርዶ ማዶውን አቀበት የሚወጣ ጎረምሳ ግን አልተወለደም፤ የተወለደውም አዲስ አበባ ነው ያለው።

ወይዘሮ አልጣሽ ሰማንያን አልፈዋል። ባላቸው ማዶ ነው፣ ሦስት ልጆቻቸው ማዶ ናቸው፣ የምንዳዬ እናትም ማዶ ናት።

«እኔ የክረምት ሰው አልሆንም!» አሉ። ምንዳዬ ስልኩን ከጆሮው ቢያርቀውም ይሰማል። «በጎች እላዬ ላይ ሊያመሰኩ! ና ፎቶህን አንሳ!»

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለ ምንዳዬ። ማክሰኞና ረቡዕ የተፈታኝ ተማሪዎች ፎቶ ነበረበት። ጉዱን ያመጡት እነዚያ ሁለት ቀኖች ናቸው።

ሐሙስ በጠዋት በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው ሄደ፤ ከዚያ ካሜራውን በአንገቱ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ በትከሻው አድርጎ በእግሩ ተያያዘው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከእሱ አሥር ዓመት ይበልጣል። መንገዱን ሲሄድ ድልድዩን በሐሳቡ ሲያዘጋጅ ነበር። በልጅነቱ ስንቴ ሮጦበታል። ጥቁር፣ ሻጋታና ሽበት የወረሰው፣ የተኮሳተረ ድንጋይ። መቼም ፊት የለውም እንጂ ግንባር አለው ብሎ ራሱን አባበለ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። ድልድዩ ነጭ ነው።

የከረመ ነጭ አይደለም። ትናንት የታጠበ ነጠላ የመሰለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚያስለቅስ ነጭ። ከዳር እዳር፣ መከለያውም፣ ጎኑም፣ የቅስቶቹ ከንፈርም ሳይቀር። የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ ሁሉም ፊቱን ታጥቧል፣ ሁሉም ፀጉሩን አበጥሯል። የዕድሩ ዳኛ ፈለቀ ቅንድቡ ላይ ኖራ እንዳለ እየሳቀ መጣ።

«እንዴት ነው?»

«ምን አደረጋችሁ?»

«አሰናዳነዋ! ሁለት ቀን ሙሉ አልተኛንም። ለግንቦት ማርያም ቤተ ክርስቲያኑን ልንቀባበት የገዛነውን ኖራ ነው የጨረስነው፤ እሷ ትቅር ትበለን። ጎኑን እንዴት እንደቀባን አትጠይቀኝ፤ ሰው በገመድ አንጠልጥለን ነው።»

«ማን ቅቡ አላችሁ?»

ፈለቀ ግራ ገባው። «አንተን እናውቅህ የለም እንዴ! እኔን ራሴን ከደጅህ አልመለስከኝም? 'ሂድ ጢምህን ተላጭ፣ ግንባርህን እሸው' ብለህ! ጎረቤቴን መኳንንትን የበግ ጸጉር አለብህ ብለህ ሦስት ጊዜ አላሳጠብከውም? ድልድዩ እንደነበረ ብናቆየው፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ ሳታነሳ ልትመለስብን?»

«አንተ ሰው ነህ፤ እሱ ድንጋይ ነው!»

«እና ከእኔ አንሶ ነው ሳይታጠብ የሚነሳው?»

ምንዳዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረውን ትምህርት አንድ ሰፈር ሙሉ ደንብ አድርጎ ይዞታል። ሁሉም አልፏል፤ አንድም የወደቀ የለም። ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ላይ ወጣና ቃለአብ ጋ ደወለ።

«ነጭ ሆኗል።»

«ምኑ?»

«ድልድዩ። ኖራ ቀብተውታል።»

ስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ጋሽዬ፣ ፎርሙ ላይ 'ጥንታዊ ይዞታው ሳይነካ የተጠበቀ' የሚል አለ። ነጭ ከሆነ አምና የተሠራ ነው ብለው ነው የሚጥሉት። አይታጠብም?»

ታጠበ። ከቤት ክዳን የተረፈ ጓሳ ሣር በእስር በእስር እየሆነ መጣ፤ ውሃ በጀሪካን ከወንዙ ወጣ፤ ትናንት የቀባው ሰው ሁሉ ዛሬ ይፈትግ ጀመር። ኖራው ግን የዋዛ አልነበረም። እዚህ ሲለቅ እዚያ ይይዛል፤ የለቀቀውም ወደ ታች እየወረደ ያልተቀባውን ይቀባል። ስድስት ሰዓት ላይ ድልድዩ እከክ የያዘው አህያ መሰለ።

«ከበፊቱ ባሰ» አለ ፈለቀ፣ ጓሳውን እንደያዘ።

አንድ ሁለት ሰዎች ቁጭ አሉ። ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ምንዳዬ ያውቀዋል፤ ፎቶው አልወጣልህም የተባለ ሰው ፊት ነው። ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ማስገባት ጀመረ።

ወይዘሮ አልጣሽ ከጠዋት ጀምሮ የድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዘንጋቸውን ይዘው ሲያዩ ነበር። አልተቆጡም፤ ያ ነው ምንዳዬን የጨነቀው። እሳቸው ካልተቆጡ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ምንድነው የምትሸክፈው?»

«ምን ላንሳ አክስቴ? ያዩት የለም?»

«የቀቡት ጀርባውንና ጎኑን ነው። ሆዱን ማን ደርሶበት? ውረድ።»

«በየት?»

«እንደ ፍየሏ፣ በየት ይለኛል!»

ፈለቀና ሁለት ጎረምሶች በጓሳ ገመድ ወገቡን አሥረው ቁልቁል ለቀቁት። እየተንጠለጠለ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ ወይዘሮ አልጣሽ ከታች ቆመው ይጠብቁታል። በፍየል መንገድ ዞረው ነው የመጡት። ገመድ አልነበራቸውም።

«ቆየህ» አሉት።

ከቅስቱ ሥር ቀዝቃዛ ነው። ወንዙ በግንቦት ጠቦት የሚዘላት ቀጭን ውሃ ናት። ምንዳዬ ቀና አለ። ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ድልድይ ላይ አምስት ሺህ ጊዜ ተሻግሮ፣ ከሥሩ ቆሞ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ድንጋዮቹ ጥቁር ናቸው፤ ኖራ አልነካቸውም፣ ዝናብም አልነካቸውም። አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቆ፣ ቢላዋ የማያስገባ ሆኖ፣ ከራሱ በላይ ዞሮ ማዶ ይወርዳል። መጀመሪያ ድንጋይ ብቻ ነው ያየው። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ማዕዘኑ ላይ አንድ ነገር ተቀርጾበታል። የዶሮ እግር። ጨረቃ። ሦስት ነጥብ። የበግ ቀንድ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠራቢዎቹ ናቸው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። ዘንጋቸውን አንስተው አንዱን ነካ አደረጉ፤ ጭራ ያለው መስቀል ነው። «ይቺ የአባቴ ናት። የአያትህ።»

ምንዳዬ ተጠጋ። «ፊርማቸው ነው?»

«ምን ፊርማ! ድንጋይ ጠማማ ሆኖ የተገኘ እንደሆን ማን እንደጠረበው የጣልያኑ ካቦ እንዲያውቅ ነው። ያወቀ ዕለት ይገርፈዋል።»

«አያቴ ተገርፈው ያውቃሉ?»

«ስንቴ! እጁ ጎበዝ ነበር፤ ዓይኑ ነው ጠማማ። ያኛው የወሰኔ ነው፣ ቀንዱ። ጨረቃዋ የይሥሐቅ ናት፤ እሱ ጀርባውን እስኪሞት ያመው ነበር። ሦስት ነጥቡን አላውቀውም። ከመርሐቤቴ ተይዘው የመጡ ነበሩ ይላሉ፤ ስማቸውን ማን ጠየቃቸው።»

አንዲት ወፍ ከጎጆዋ ወጥታ ተመለሰች።

«አባቴ ይሄን ድልድይ አንድ ቀን አልረገጠውም» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በታች ነው፣ በውሃው። ክረምት ሲሆን ይቀራል። 'እግሬን ከምጥልበት መቅሰፍት ይውረድብኝ' ይል ነበር። የሞተው በነሐሴ ነው። ተሸክመን በላዩ አሻገርነው። ምን ያደርጋል እንግዲህ፣ ሊከለክለን አልቻለም።»

ምንዳዬ ይህን ሰምቶ አያውቅም። አያቱን የሚያውቃቸው በስም ብቻ ነው፤ ፎቶ የላቸውም። ጠማማ ድንጋይ እንዲታወቅባቸው፣ እንዲገረፉበት የቀረጹት ምልክት ይኸው ሰማንያ ምናምን ዓመት ጠብቋቸው ቆይቷል። ከዚያ በቀር ምንም አልቀረላቸውም። ድንጋዩ ሰኔ አንድ ቀን ተፈልፍሎ መንገድ ዳር ግንብ ሲሆን፣ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት፣ ያቺም አለቀች።

መሀረቡን አወጣ። ወንዙ ውስጥ ነከረው፣ ጨመቀው፣ የአያቱን ድንጋይ ፊት ጠረገው። የሸረሪት ድሩን አነሳ፣ በማዕዘኑ የተጋገረውን አቧራ በጥፍሩ ፈለፈለ። ከዚያ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ሰካና ፊት ለፊት፣ ትክክል በድንጋዩ ቁመት አቆመው። ጨለማ ነው። ተመልሶ ወደ ላይ ጮኸ።

«ፈለቀ!»

«አቤት!»

«ጋቢህን ይዘህ ውረድ!»

«ልትታመም ነው?»

«ውረድ ብያለሁ!»

ፈለቀ ወረደ። ምንዳዬ ከቅስቱ አፍ ላይ አቆመውና ጋቢውን ዘርግቶ እንዲይዝ አዘዘው። ፀሐይዋ ጋቢው ላይ አረፈች፣ ከጋቢው ተመልሳ ድንጋዩን ከጎን ነካችው፤ ጭራ ያለው መስቀል ትናንት የተቀረጸ መስሎ ብቅ አለ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ። ቀጥ በል። ቀጥ በል ስልህ!»

«እኔን ነው ድንጋዩን?»

«ሁለታችሁንም።»

አነሳ። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ጠረገ፣ አቆመ፣ አነሳ። ከየምልክቱ አንድ አንድ ድንጋይ እየመረጠ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ጉርድ ጉርዱን። ወይዘሮ አልጣሽ የሚያውቁትን ስም እየነገሩት፣ እሱ በፎርሙ ጀርባ እየጻፈ፣ ፈለቀ «ክንዴ ዛለ» እያለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠላሳ ሰባት ድንጋይ አነሱ። ስም የተገኘላቸው አሥራ አምስቱ ናቸው። ስም ያልተገኘላቸውንም እኩል ጠረጋቸው። በመጨረሻ ወንዙ ውስጥ ገብቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አምስቱንም ቅስት ከሆዳቸው በኩል በአንድ ላይ አነሳ። ነጩ ከላይ ቀጭን ክር ሆኖ ነው የታየ።

ዓርብ በማለዳ አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸው ሳለ ወለተኪዳን ሻይ ይዛ ገባች። በየወረቀቱ ስምንት ስምንት፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ፣ እኩል ተደርድረዋል። ጎንበስ ብላ ቆየች።

«እነማን ናቸው?» አለች።

ምን ናቸው አላለችም። ምንዳዬ ሻዩን ተቀበላት።

ቃለአብ እየሮጠ ደረሰ። መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ነው የቀረው። ወረቀቶቹን አየና ራሱን ያዘ።

«ጋሽ ምንዳዬ! አንድ ፎቶ ነው ያልኩዎት። የድልድዩን!»

«ይኸው የድልድዩ።» የአምስቱን ቅስት ሰጠው።

«ይቺ ላይ ያለችው ነጭስ?»

«ስታልፍ የነበረች ደመና ናት በላቸው።»

«እነዚህንስ የት ልለጥፋቸው? ፎርሙ ላይ ያለው አንድ ሳጥን ነው።»

«አንተ ነህ የተማርከው፣ ቦታ ፈልግላቸው» አለ ምንዳዬ። «ይሄ አያቴ ነው። ይሄ ወሰኔ ነው። ይሄ ስሙ ያልታወቀ ነው፣ ከመርሐቤቴ ነው። ድንጋይ ላካችሁብን እንዳይሉህ፤ ሰዎች ናቸው በላቸው።»

ቃለአብ ሠላሳ ሰባቱን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከሥራቸው የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ ፎርሙን ገልብጦ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሄደ። «የዕድሜና የአሠራር ማስረጃ» የሚል መስመር አለ። ባዶ ነበር፤ የሚያስገባበት ነገር አጥቶ ትናንት ማታ ሰረዝ ሊያደርግበት አስቦ ነበር። «በአባሪ ተያይዟል» ብሎ ጻፈበትና ሮጠ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ግንቦት ማርያም ቤተ ክርስቲያኗ ሳትቀባ ነገሠች። በሃያ አምስት ዶዘሩ መጥቶ ከሰፈሩ ጫፍ ቆመ። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ማታ ማታ ከፈለቀ ቤት ራቱን ይበላል፣ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ይላል፣ ጠላውን ይጠጣል። ወይዘሮ አልጣሽ በየጠዋቱ እየሄዱ ከዶዘሩ ፊት ለፊት ቆመው ያዩታል። አንድም ቃል አይናገሩትም። በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ መኪናውን ፊቱን አዙሮ አቆመው።

ደብዳቤው የመጣው ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ነው። ድልድዩ ጥናት ተደርጎ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማንም እንዳይነካው ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በፎቶው ላይ ከላይ በኩል የሚታየው ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ማብራሪያ ይላክልን ይላል። ማብራሪያውን ፈለቀ ራሱ ጻፈ፤ አራት ገጽ ነው፤ ስለ ምንዳዬ ባልዲ ብቻ አንድ ገጽ ይዟል።

ምንዳዬ ደብዳቤውን ለአክስቱ ሊያነብላቸው ሰኔ ሦስት ቀን አጋም በር ወረደ። ወይዘሮ አልጣሽ ከደጃቸው የገብስ ዘር እያበጠሩ አገኛቸው። አነበበላቸው። እጃቸውን ከወንፊቱ ሳያነሱ ሰሙት።

«ጥናት እስኪደረግ» አሉ።

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ይወስናሉ። ይቁምም ሊሉ ይችላሉ፣ ይፍረስም ሊሉ ይችላሉ።»

ወይዘሮ አልጣሽ ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ድልድዩ ከዚያ ይታያል፤ ዝናቡ ጀምሮታል፣ ኖራውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወረደው ነው።

«ጥናቱ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ አክስቴ። ሁለትም ይሆናል፣ አሥርም ይሆናል።»

«ሁለት ከሆነ እንግዲህ» አሉ በጣም እያሰቡ፣ «ዘንድሮ ወይ ለከርሞ ክረምት ነው መሞት ያለብኝ። አሥር ከሆነ ግን ምን አስቸኮለኝ?»

«ኧረ አክስቴ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ምን ማለቴ ነው? ቀኑን ልወቅ እንጂ! ዛሬ ሞቼ እነሱ አሥር ዓመት ቢያጠኑ በከንቱ ሄድኩ ማለት አይደለም?» አሉትና ድንገት እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ዓይናቸው ማዶ፣ ከማርያም ዛፎች ላይ ቆየ። «መንገዱ መኖሩን ማወቅ ደግ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል አሁን።»

ምንዳዬ ደብዳቤውን አጠፈው።

«በል ቁጭ አትበል» አሉት ወንፊቱን እያነሱ። «ሰማዩን አታየውም? ጆንያውን አፉን ያዝልኝ። ዘሬን ሳላስገባ ነው የሚመጣብኝ።»

ተነሳና የጆንያውን አፍ ያዘ። እሳቸው ይሰፍሩበት ጀመር።